የአካል ብቃት ሰርተፍኬት ለአዲስ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ምሩቃን የሥራ በር ይከፍታል?

ከስትሮክ፣ ከአደጋ ወይም ከሌላ ሕመም በኋላ ሰዎች ልብስ መልበስን፣ ምግብ ማብሰልን፣ መጻፍንና ወደ ሥራ መመለስን እንደገና እንዲለማመዱ የሚያግዙ ባለሙያዎች ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ይባላሉ። ሙያው በምሥራቅ አፍሪካ ገና በመስፋፋት ላይ ይገኛል። በኢትዮጵያ ትምህርቱን በዲግሪ ደረጃ በመጀመር ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቀዳሚ ሲሆን፣ ኬንያ ደግሞ ባለሙያዎቹ የሚመዘገቡበትንና ፈቃድ የሚያገኙበትን ሕግ እአአ በ2017 አውጥታለች።

አዲስ ምሩቃን ሥራ ሲፈልጉ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ የስፖርት አሠልጣኝነት ሰርተፍኬት መጨመር ተፈላጊነታቸውን ያሳድግ እንደሆነ ነው። ሰርተፍኬቱ የሙያ ፈቃድን አይተካም፤ ጥቅሙም በሚፈለገው የሥራ ዓይነት ይወሰናል።

ቀጣሪ በቅድሚያ የሚጠይቀው ምንድን ነው?

በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት አሜሪካ፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ለመሆን ዕውቅና ካለው ተቋም የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ዲግሪ፣ ቢያንስ 24 ሳምንታት የሙሉ ጊዜ የተግባር ልምምድ፣ ብሔራዊ ፈተና እና የግዛት ፈቃድ ያስፈልጋል። በሌላ አገር የተማሩ አመልካቾች ፈተናውን ከመውሰዳቸው በፊት የትምህርት ማስረጃቸው ይመረመራል። ከእነዚህ አንዱ የጎደለውን አመልካች የጂም ሰርተፍኬት አያስቀጥረውም።

ሰርተፍኬቱ የት ይጠቅማል?

በአሜሪካ ከታወቁት የግል አሠልጣኝነት ሰርተፍኬቶች አንዳንዶቹ የሚጠይቁት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን እና የልብና የመተንፈስ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናን ብቻ ነው። ምሩቁ ስለ ሰውነት አሠራርና እንቅስቃሴ በዩኒቨርሲቲ በስፋት ስለተማረ፣ ሥልጠናው ለሆስፒታል ሥራ የሚጨምርለት አዲስ ዕውቀት ውስን ነው።

ይሁንና አረጋውያን እንዳይወድቁ የሚያግዙ ፕሮግራሞች፣ የሠራተኞችን ጉዳት የሚከላከሉ አገልግሎቶች እና የጤና ማዕከላት የቡድን ስፖርት የሚመራ ሰው ይፈልጋሉ። በእነዚህ ቦታዎች ሰርተፍኬቱ ተጨማሪ ነጥብ ሊሆን ይችላል። የፈተና ውጤትና ፈቃድ ለሚጠባበቅ ምሩቅም ጊዜያዊ ገቢ ያስገኛል። ሆኖም በአሠልጣኝነት የተቀጠረ ሰው የሚሰጠውን አገልግሎት ሕክምና ብሎ ማቅረብ የለበትም።

ሌሎች አማራጮች

ለሙያው የሚቀርቡ ሥልጠናዎችም አሉ። የፓርኪንሰን ሕሙማንን እንቅስቃሴ ለማሻሻል የሚሰጠው ኤልኤስቪቲ ቢግ ለኦኩፔሽናል ቴራፒስቶችና ለፊዚዮቴራፒስቶች የተዘጋጀ ነው። በአሜሪካ የሚሰጠው የእጅ ሕክምና ስፔሻሊስትነት ግን የሦስት ዓመት ልምድ እና በእጅ ሕክምና ላይ የተሠራ 4,000 ሰዓት ስለሚጠይቅ ለጀማሪ አይሆንም።

ምሩቃን ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሊሠሩበት በሚፈልጉት ከተማ የወጡ የሥራ ማስታወቂያዎችን ቢያነጻጽሩ ይጠቀማሉ። የአካል ብቃት ሰርተፍኬት በማስታወቂያዎቹ ላይ ካልተጠቀሰ፣ ለፈተና ዝግጅትና ለፈቃድ ክፍያ ቅድሚያ መስጠት ያዋጣል።