የማያልቅ ሸቀጥ ዋጋ

በደባርቅ ወይም በዳባት ገበያ ገብስ የሚሸጥ ገበሬ ለአንዱ ሰፍሮ የሰጠውን እህል መልሶ ለሌላው ሊሸጠው አይችልም። በኢንተርኔት ፊልም እያሳየ በየወሩ ክፍያ የሚቀበል ድርጅት ግን ሸቀጡ ጠባዩ ልዩ ነው፤ አንድን ፊልም ሚሊዮን ሰው ቢያየው አይጎድልም። ታዲያ የማያልቅ ሸቀጥ በምን ይተመናል? ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ።

አንደኛው ወጪ ነው። ፊልም ማሠራትና የማሳየት መብት መግዛት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድ ተመልካች ቢጨመር የሚያስከትለው ወጪ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ደንበኛው በበዛ መጠን የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል።

ሁለተኛው የከፋዩ አቅም ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ለመጎብኘት ኢትዮጵያዊውና የውጭ አገር ሰው የሚከፍሉት የመግቢያ ዋጋ የተለያየ ነው፤ ተራራው ግን አንድ ነው። ኔትፍሊክስ የተባለው ድርጅትም በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በህንድ ዋጋውን ቀነሰ። ተመልካቹም ገቢውም ስላደገለት፣ በ2015 ዓ.ም. ከ100 በሚበልጡ ሌሎች አገሮች ይህንኑ አደረገ።

ሦስተኛው የደንበኛው ምርጫ ነው። ጥራት ያለው ምስል የሚፈልግ ወይም በአንድ ጊዜ በብዙ መሣሪያ የሚመለከት የበለጠ ይከፍላል፤ በአንዳንድ አገሮችም ማስታወቂያ የሚታገሥ ያነሰ ይከፍላል። ደንበኛው በማናቸውም ወር ሊያቋርጥ ስለሚችል ድርጅቱ ዋጋውን እንዳሻው አይሰቅልም።

ይሁን እንጂ ድርጅቱ ዋጋውን ሳይነካ ክፍያው ሊወደድ ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከ120 ብር አለፈ። እስቲ አስሉት፤ በወር 10 ዶላር የሚከፈልበት አገልግሎት ከ570 ብር ወደ 1,200 ብር ከፍ አለ ማለት ነው። የአንድ መምህር ወይም የአንድ ነጋዴ ቤተሰብ ገቢ ግን ከምንዛሪው ጋር እኩል ላያድግ ይችላል።

በዚህ ላይ የኢንተርኔቱ ሒሳብ አለ። ጥራት ያለው ፊልም በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ዝቅ ያለ ጥራት ያለው 1 ጊጋባይት ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ በደባርቅ ተቀምጦ በስልኩ ፊልም የሚያይ ወጣት ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንዱን ለፊልሙ፣ ሌላውን ለመንገዱ። ስለ አንድ አገልግሎት ርካሽነት ስትፈርዱ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሁለቱን ደምሩ።