ከመቱ ተነሥቶ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ተመራማሪ መሆን

ልጅዎ መቱ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ገብቶ «በፕሮግራሚንግ ቋንቋ ላይ ልመራመር ነው» ቢልዎት ግር ሊልዎት ይችላል። ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለኮምፒውተር ትእዛዝ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። ታዲያ ምኑ ይመረመራል?

የአንድ ቡና ነጋዴ የሒሳብ ፕሮግራም በስህተት ኪሎን ከብር ጋር ደመረ እንበል። ለብዙዎቹ ቋንቋዎች ሁለቱም ቁጥር ነው፤ ዝም ብለው ይደምራሉ። ጉዱ የሚወጣው ገንዘብ ሲጎድል ነው። እንዲህ ያለ ስህተት ትልልቅ ድርጅቶችም ጋ ይደርሳል፦ ናሳ ወደ ማርስ የላካት መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋችው ሁለት ቡድኖች በተለያየ መለኪያ በመሥራታቸው ነው። ተመራማሪው ቋንቋውን ራሱን ያርመዋል። ኪሎ ከብር ሲደመር ፕሮግራሙ ገና ሥራ ሳይጀምር «አይሆንም» እንዲል ያደርጋል። አንድሪው ኬኔዲ በካምብሪጅ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በዚህ ላይ ነው፤ ሐሳቡም ኋላ ኤፍ ሻርፕ በተባለው የማይክሮሶፍት ቋንቋ ውስጥ ገብቷል።

ስንት ዓመት ይፈጃል? የመጀመሪያ ዲግሪ አራት ዓመት ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናም አለ። ማስተርስ ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ በዚያ ሌክቸረር ይሆናል። ዶክትሬት በወረቀት አራት ነው፤ እርስዎ ግን ከዚያ በላይ ይያዙለት። ዶክትሬቱን ይዞ ረዳት ፕሮፌሰር ይሆናል። ከዚያ በላይ የሚያሳድገው የሚያሳትመው ጥናት ነው።

ወጪውስ? እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። ይህ ሙያ ላቦራቶሪ አይፈልግም። አንድ ላፕቶፕ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃዋል። ኮምፓይለር፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ማሽኑ ወደሚሠራበት ትእዛዝ የሚቀይር ፕሮግራም፣ በነፃ ይገኛል። ለምሳሌ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ምንጭ ኮዱ ጭምር ክፍት ነው፤ ማታ አውርዶት መብራት ቢጠፋ እንኳ ባትሪው እስኪያልቅ ይሠራበታል። ፖፕል በተባለው የዘርፉ ዓመታዊ ጉባኤ የሚቀርቡ ጥናቶችም በነፃ ይነበባሉ።

ውድ የሚሆነው አማካሪ መምህር ማግኘት ነው። ለዶክትሬት በበደሌና በጅማ በኩል 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ፣ ወይም ባሕር ማዶ መሄድ ሊኖርበት ይችላል። መምህር ሆኖ በዩኒቨርሲቲው ወጪ ከተላከ ተመልሶ የሚያገለግልበትን ውል ይፈርማል። ውሉን ሳይፈርም በደንብ ያንብበው፤ ማፍረስ ገንዘብ ያስከፍላል።

እስከዚያው ምን ያድርግ? የኮምፓይለር ኮርሱን ለፈተና ብቻ አያጥና፤ ትንሽ ኮምፓይለር በእጁ ይጻፍ። ከዚያ ለሲግፕላን ያመልክት። የዘርፉ ተመራማሪዎች ማኅበር ነው፤ የትም አገር ያለ ተማሪን ልምድ ካለው አማካሪ ጋር ያለ ክፍያ ያገናኛል።