የመጀመሪያ ቦርዳችሁን በምን ትመርጣላችሁ?

አርባ ምንጭ ዙሪያ ያለ የሙዝ ማሳ፣ መሬቱ ሲደርቅ በራሱ ውሃ እንዲያገኝ ማድረግ ፈለጋችሁ እንበል። የአፈሩን እርጥበት የሚለካ ሴንሰር፣ ትንሽ ፓምፕ እና በሁለቱ መሃል ሆኖ የሚወስን ጭንቅላት ያስፈልጋችኋል። ይህ ጭንቅላት ማይክሮኮንትሮለር ይባላል፤ አንድ ቺፕ ላይ ያለቀ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ቺፑን ከዩኤስቢ መሰኪያ ጋር አቀናጅቶ ለጀማሪ የሚያመቸው ደግሞ ቦርዱ ነው።

ታዲያ የትኛው ቦርድ? ቁጥር ብቻ ካያችሁ መልሱ ቀላል ይመስላል። የተለመደው አርዱዊኖ ኡኖ ፍጥነቱ 16 ሜጋኸርትዝ፣ ራሙ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በ4 ዶላር የወጣው ራስበሪ ፓይ ፒኮ 264 ኪሎባይት ራም አለው። ኢኤስፒ32 እስከ 240 ሜጋኸርትዝ ይሮጣል፤ ዋይፋይና ብሉቱዝም አለው።

ቆይ ግን፣ አፈር በሰከንድ ውስጥ አይደርቅም! በየአሥር ደቂቃው አንዴ ለመለካት ኡኖ ከበቂ በላይ ነው። ከቤት ራቅ ያለ ማሳ ላይ ራውተር ከሌለ ደግሞ የኢኤስፒ32 ዋይፋይ መልእክቱን ቤት አያደርስላችሁም።

ለጀማሪ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ብሳሳት ምን ይቃጠላል? አርባ ምንጭ ሆናችሁ ምትኩን ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ፣ አንድ የተቃጠለ ቦርድ ገንዘብም ጊዜም ይበላል። ኡኖ የሚሠራው በ5 ቮልት፣ ፒኮና ኢኤስፒ32 ግን በ3.3 ቮልት ነው። የበርሜል ውሃ ከፍታ ለመለካት የሚያገለግለው የተለመደው የድምፅ ሞገድ ሴንሰር ኤችሲ-ኤስአር04 የሚመልሰው 5 ቮልት ነው። ይህን በቀጥታ 3.3 ቮልት ፒን ላይ ከሰካችሁት ቺፑን ሊጎዳው ይችላል። መከላከያው ሁለት ሬዚስተር ነው፦ ባለ 1 ኪሎኦሙን ከሴንሰሩ መውጫ፣ ባለ 2 ኪሎኦሙን ከግራውንድ፣ ሁለቱ የሚገናኙበትን ነጥብ ከፒኑ ጋር አያይዙ። ፒኑ ጋ የሚደርሰው 3.3 ቮልት ገደማ ይሆናል።

ስለዚህ በኡኖ ጀምሩ። ዲዛይኑ ክፍት በመሆኑ ሌሎች አምራቾች የሚሠሩት ርካሽ ቅጂ አለ። ረጅሙ ቺፕ ሶኬት ላይ የተሰካበትን ዓይነት ብትመርጡ፣ ሲበላሽ ቺፑን ብቻ ነቅላችሁ፣ ማስነሻ ፕሮግራም በተጫነበት ሌላ ቺፕ ትተኩታላችሁ። ገመዱንም ፈትሹ፤ ስልክ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ ኮድ አያስተላልፍም። ፓምፑን ግን በየትኛውም ቦርድ ፒን ላይ በቀጥታ አትሰኩ፤ በሪሌይ በኩል፣ የራሱን ኃይል ስጡት።

ከዚያ ደረቅና እርጥብ አፈር እየለካችሁ አወዳድሩ። ኡኖ መልሱን ከ0 እስከ 1023 ባለ ቁጥር ይሰጣችኋል። ፓምፑ መቼ እንደሚነሣ የምትወስኑት በዚህ ነው፤ ለአርባ ምንጭ ቆላ አፈር የሠራው ቁጥር ግን ለጨንቻ ደጋ ላይሠራ ስለሚችል፣ እዚያም እንደገና ለኩ።