ዝናቡን ከመክሰሳችን በፊት፦ የውጪ ሽቦ አልባ ብሮድባንድ ጣቢያን መትከልና መረዳት



ንግግሬን የምጀምረው በአንድ ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በአንዲት ከተማ ዳርቻ ባለ ኮረብታ ላይ የውጪ ሽቦ አልባ ብሮድባንድ ጣቢያ ከተከሉት ባለሙያዎች አንዱ ነበርኩ። ጣቢያው ከሚያገለግላቸው ተቋማት መካከል 10 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ ጤና ጣቢያ ነበር። በዚያን ጊዜ የሞባይል ስልክ ወደዚያ ቀበሌ አይደርስም። ምጥ የጠናባት እናት ስትመጣ አምቡላንስ የሚጠራው በዚሁ መሥመር ነበር። በጋውን ሁሉ መሥመሩ እንከን አልነበረውም። ሐምሌ ሲገባ ግን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በጀመረ ቁጥር ይቋረጣል፤ ማታ ወይም በማግስቱ ይመለሳል። ለጠየቀን ሁሉ የምንሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ «ዝናቡ ነው» እንላለን።

አንድ ቀን ወደ ጤና ጣቢያው ስሄድ በዕድሜ የገፉ አዋላጅ ነርስ ተቀበሉኝ። «ልጄ፣ በሽተኛ የሚበዛብን፣ መንገዱም በጭቃ የሚዘጋብን በክረምት ነው። የእናንተ መሥመርም የሚሞተው በክረምት ነው። ታዲያ ምኑን ረዳን?» አሉኝ። «እናየዋለን፣ ሲስተር» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ዛሬ የማቀርብላችሁ ያኔ ልሰጣቸው ይገባኝ የነበረውን መልስ ነው። በአጭሩ ልናገረው፦ በደንብ የታቀደና በደንብ የተተከለ ጣቢያ በእኛ ደጋ ክረምት ሊቋረጥ አይገባውም። በክረምት የሚሞት መሥመር ብዙውን ጊዜ ሕመሙ የጀመረው በበጋ፣ በተከላው ቀን ነው። ይህን ለማስረዳት ግን በቅድሚያ ጣቢያው ራሱ ምን እንደሆነ መግባባት አለብን።

የጣቢያው አካላት

ቤዝ ስቴሽን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በማማው ላይ የሚታየውን ነጭ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ግን ከብዙ አካላት አንዱ ብቻ ነው። ከታች ስንነሳ የኃይል ምንጩንና ባትሪውን፣ ከዚያም ጣቢያውን ከዋናው ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘውን መሥመር እናገኛለን። ቀጥሎ መረጃንና ኤሌክትሪክን በአንድነት ወደ ላይ የሚወስደው የኤተርኔት ኬብል አለ፤ ርዝመቱ ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። በማማው ላይ ሬዲዮው፣ ከእርሱ የሚወጣው አጭር ኬብል፣ በመጨረሻም አንቴናው ይገኛሉ። አንቴናው ሴክተር የሚባለው ዓይነት ሲሆን 90 ወይም 120 ዲግሪ የሚሆን አካባቢ ይሸፍናል፤ ስለዚህ ዙሪያውን ለማዳረስ አራት ወይም ሦስት ያስፈልጋሉ። በተጠቃሚው ጣሪያ ላይ ደግሞ ወደ ጣቢያው ብቻ የሚመለከት ጠባብ አንቴና ይተከላል።

አንድ አካል ይቀራል፤ እርሱም በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ያለው አየር ነው። ሬዲዮው ከፋብሪካ ተፈትሾ ይመጣል። የአየሩን መንገድ የሚመርጠውና የሚፈትሸው ግን ተካዩ ነው።

ስሌቱ እንደ ምስክር

የዚህን መንገድ ጤንነት የምንለካው በዴሲቤል ነው። ተማሪዎች እንደምታውቁት፣ 3 ዴሲቤል ሲቀንስ ኃይል በግማሽ ይቀንሳል፤ 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ከአሥር አንድ እጅ ብቻ ይቀራል። ያንን የጤና ጣቢያ መሥመር እንደ ምሳሌ ወስደን እናስላ።

ሬዲዮው በ5.8 ጊጋኸርዝ ይሠራል። የሚልከው ኃይል 25 ዴሲቤል ሚሊዋት፣ ማለትም የአንድ ዋት ሲሶ ያህል ነው። በአጭሩ ኬብልና በማገናኛዎቹ 1 ዴሲቤል ይጠፋል። የጣቢያው አንቴና 17 ዴሲቤል ይጨምራል። ሞገዱ ምንም ሳያግደው 10 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ በመስፋቱ ብቻ 128 ዴሲቤል ያህል ያጣል። የተጠቃሚው አንቴና በበኩሉ 23 ዴሲቤል ይመልሳል። ሒሳቡን ስንዘጋ -64 ዴሲቤል ሚሊዋት እናገኛለን። ይህም የአንድ ዋት ቢሊዮንኛ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ለሬዲዮው ግን በቂ ነው። ተቀባዩ በሚፈለገው ፍጥነት ለመሥራት -75 የሚበቃው ከሆነ 11 ዴሲቤል መጠባበቂያ አለን ማለት ነው።

ይህን ስሌት ከተከላ በፊት መሥራት ለወረቀት ሥራ ያህል የሚደረግ አይደለም። በተከላው ቀን በመሣሪያው ላይ የምናነበው ቁጥር ከተሰላው ጋር በሁለትና በሦስት ዴሲቤል ልዩነት ውስጥ ከተገናኘ ሥራው ጥሩ ነው። -64 ጠብቀን -80 ካነበብን ግን፣ መሥመሩ ቢሠራም እንኳ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ምናልባት አንቴናው የተገጠመው በዋናው ጨረር ላይ ሳይሆን በጎን ጨረሩ ላይ ነው። ጠባብ አንቴና ከዋናው ጨረር ግራና ቀኝ ደካማ ጨረሮች አሉት፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ያየ ጀማሪ «አገኘሁት» ብሎ ቡሎኑን ያጠብቃል። ልምድ ያለው ሰው ግን ጫፉን አልፎ ይሄዳል፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ዞር አድርጎ ከሁሉም ከፍ ያለውን ካረጋገጠ በኋላ ነው የሚያስረው።

የሞገዱ መንገድ ስፋት

ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት «ማማው በዓይን ከታየ ይበቃል» የሚለው ነው። ሞገድ እንደ ክር ቀጥኖ አይሄድም፤ በመሐል እየወፈረ የሚሄድ፣ ሲጋራ የመሰለ ቅርጽ ያለው ቦታ ይፈልጋል። ይህ ቦታ በፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ በኦገስቲን ፍሬኔል ስም የፍሬኔል ዞን ይባላል። ለ10 ኪሎ ሜትር መሥመር በ5.8 ጊጋኸርዝ፣ በመሐል ነጥቡ ላይ ራዲየሱ 11 ሜትር ያህል ነው። ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 7 ሜትር ያህሉ፣ ንጹሕ መሆን አለበት። የምድር ክብነት በዚሁ ርቀት ላይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይጨምራል። ስለዚህ መሥመሩ በመሐል ካለው ከፍተኛ ነገር በላይ ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ማለፍ ይኖርበታል።

በእኛ አገር «ከፍተኛ ነገር» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዛፍ ማለታችን ነው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዓመት ከሁለት ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። ዛሬ የለካችሁት ክፍተት ከአራት ዓመት በኋላ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ መሬቱን ስታጠኑ የዛፉን ቁመት ብቻ አትመዝግቡ፤ ዕድሜውን ባለቤቱን ጠይቁ፣ መቼ እንደሚቆርጠውም ጠይቁ። ገበሬው የሚነግራችሁ በየትኛውም ካርታ ላይ አይገኝም።

ተከሳሹ ዝናብ

አሁን ወደ ክሱ እንመለስ። ዝናብ ሞገድን ያዳክማል ወይ? አዎን፣ ያዳክማል፤ መጠኑ ግን በድግግሞሹ ይወሰናል። ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ በሚሠሩ መሥመሮች ዝናብ እውነተኛ ጠላት ነው፤ እየጨመርን በሄድን መጠንም ይበረታል። በ5.8 ጊጋኸርዝ ግን ኃይለኛ ዝናብ እንኳ በአንድ ኪሎ ሜትር ከአንድ ዴሲቤል በታች ነው የሚወስደው። ኃይለኛው ዝናብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው ጥቂት ኪሎ ሜትሮችን ብቻ ነው። እንግዲህ 11 ዴሲቤል መጠባበቂያ ያለው መሥመር ይህን ተሸክሞ መቆም ይችላል።

የእኛ መሥመር ግን በዝናብ ሰዓት ከሃያ ዴሲቤል በላይ ያጣ ነበር። ይህን ቁጥር ከስሌቱ ጎን አስቀምጬ ባየሁት ጊዜ ነው ዝናቡ ብቻውን ጥፋተኛ ሊሆን እንደማይችል የተረዳሁት። ከዚያ በፊት የሬዲዮውን ኃይል ጨምረናል፣ ሬዲዮውንም ቀይረናል፤ ያልነካነው ማገናኛውን ብቻ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ባለበት ሰዓት ማማው ላይ ወጣሁ። በሬዲዮውና በአንቴናው መካከል ያለውን ማገናኛ ስፈታ ውኃ ተንጠባጠበ፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ያንን ማገናኛ ያሰርኩት እኔ ነበርኩ፤ አንድ ዙር ተራ ናስትሮ ብቻ ጠቅልዬ።

ከሰዓት በኋላ ብቻ ይቋረጥ የነበረበት ምክንያትም ተገለጠልኝ። ጠዋት ፀሐይ ስትመታው በማገናኛውና በሣጥኑ ውስጥ ያለው አየር ይሞቅና ይሰፋል፤ በትንሽ ቀዳዳም ይወጣል። ከሰዓት ዝናቡ በድንገት ሲያቀዘቅዘው የቀረው አየር ይኮማተራል፤ በዚያች ቀዳዳም ውኃውን ይስባል። መሣሪያው ይተነፍሳል ማለት ነው። ውኃ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሞገድ በኃይል ይመጣል። ሲደርቅ መሥመሩ ይመለሳል፤ ዝገቱ ግን እየተጠራቀመ ይሄዳል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማገናኛው በልኩ ከጠበቀ በኋላ በቅድሚያ እርስ በርሱ የሚዋሐደው የጎማ ናስትሮ እየተለጠጠ ይጠቀለላል፤ ከላዩ ፀሐይ የሚቋቋም ናስትሮ ይደረብበታል። የላይኛው ሽፋን ከታች ወደ ላይ መጠቅለል አለበት፤ እያንዳንዱ ዙር በሥሩ ባለው ላይ እንደ ቤት ክዳን ሲደራረብ ውኃው ይንሸራተታል። ኬብሉ ወደ ሣጥኑ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፤ ውኃው ከመታጠፊያው ይንጠባጠባል እንጂ ኬብሉን ተከትሎ አይገባም። የሣጥኑ መግቢያም ምንጊዜም ከታች በኩል ይሁን።

መብረቅና መሬት

ክረምት ከውኃው ጋር መብረቅ ያመጣል። መብረቅ መሣሪያ የሚያቃጥለው በቀጥታ ሲመታ ብቻ እንደሆነ የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። በአቅራቢያ የወደቀ መብረቅም በኬብሉ ላይ ሬዲዮ ለመግደል የሚበቃ ቮልቴጅ ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ግድ ናቸው። አንደኛ፣ የመብረቅ ማስተላለፊያው ዘንግ ከአንቴናዎቹ በላይ ይሁን። ሁለተኛ፣ በኤተርኔት ኬብሉ ላይ መከላከያ በላይም በታችም ይግባ። ሦስተኛ፣ የማማው፣ የመሣሪያውና የኤሌክትሪኩ አርዝ እርስ በርስ ይገናኙ። ለየብቻ ከተቀበሩ በመብረቅ ጊዜ በመካከላቸው የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል፤ ልዩነቱም የሚተላለፈው በመሣሪያችን በኩል ነው።

የአርዙ ተቃውሞ በአብዛኛው ከ10 ኦም በታች እንዲሆን ይመከራል። ይህን በክረምት ለክተው የሚረኩ አሉ፤ ስሕተት ነው። እርጥብ መሬት ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ደረቅ መሬት ግን ይከለክላል። አርዝን በበጋ፣ የውኃ መከላከያን በክረምት ፈትሹ፤ እያንዳንዱ በሚከብደው ወራት ይፈተን።

ስለ ሰው ደኅንነትም አንድ ቃል ልበል። ሰማይ ሲጉረመርም ማንም ማማ ላይ አይውጣ። የደኅንነት ቀበቶ ያላሰረ ሰው ለአንድ ቡሎንም ቢሆን አይውጣ። በአንቴናው ፊት ከመሥራታችሁ በፊት ሬዲዮውን አጥፉ።

ማጠቃለያ

ማገናኛውን ቀይሬ በሚገባ ካሸግሁ በኋላ የዚያ ክረምት የቀሩት ሳምንታት መሥመሩ ሳይቋረጥ አለፉ። በመስከረም ወደ ጤና ጣቢያው ሄጄ ጥፋቱ የዝናቡ ሳይሆን የእኔ እንደነበር ለሲስተር ነገርኳቸው። «አውቆ የተናገረ ይሻላል» ብለው ቡና አፈሉልኝ።

ተማሪዎቼ፣ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ይህን ያዙልኝ። ከመትከላችሁ በፊት አስሉ፤ ስትተክሉ ከስሌቱ ጋር አነጻጽሩ፤ የተከላውን ቀን ቁጥር ጽፋችሁ በጣቢያው ውስጥ አስቀምጡ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ መሥመሩ ታሞ ሲያገኘው፣ ጤነኛ በነበረበት ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር የሚነግረው ያ ወረቀት ብቻ ነው። «ዝናቡ ነው» ከማለታችሁ በፊትም ያንን ወረቀት ተመልከቱ፤ ቁጥሩ ዝናብ ሊወስድ ከሚችለው በላይ ከጎደለ ቁልፋችሁንና ናስትሯችሁን ይዛችሁ፣ ሰማዩ ሲጠራ ውጡ።