ዓሳ ልታጠምዱ ወደ ሶር ወይም ወደ ባሮ? ጉዞው ቤት ስትገቡ አያልቅም!



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ተመሳሳይ ጥያቄ ደጋግሞ ደረሰኝ። «ዶክተር፣ ለገና ወደ መቱ እንሄዳለን፤ ከዚያ ወረድ ብለን ዓሳ ለማጥመድ አስበናል። ምን እንያዝ?» የሚል።

ጥያቄውን ወድጄዋለሁ፤ ምክንያቱም ያደግሁት መቱ ነው፤ መንጠቆ መወርወር የተማርኩትም ሶር ዳር ነው። ባሕር የለንም እንጂ ውሃ አላጣንም። ሶር ገባን ይቀላቀላል፣ ገባ ከብርብር ጋር ሲገናኝ ባሮ ይሆናል፣ ባሮ ደግሞ በሶባት በኩል ነጭ ዓባይ ይገባል። አንድ ዘመን ላይ ከጎሬ የወረደ ቡና ከጋምቤላ ወደብ በእንፋሎት መርከብ እስከ ካርቱም ይሄድ ነበር። ስለዚህ ሂዱ፣ ተዝናኑ። ግን መጀመሪያ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። (ባለታሪኩን አስፈቅጃለሁ፤ ስሙን ትቼዋለሁ።)

ጥር ወር ነው፣ ጥምቀት አልፏል። አዲስ አበባ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። አንድ የ27 ዓመት ወጣት በሰው ተደግፎ ገባ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሽንቱ ጠቁሯል፣ ንግግሩ ተምታቷል። እናቱ «ዶክተር ልጄ፣ ታይፎይድ ነው ብለው መርፌ ጀምረውለት ነበር፤ ይኸው አምስተኛ ቀኑ፣ ምንም አልተሻለውም» አሉኝ።

«እማማ፣ ሰሞኑን ከከተማ ወጥቶ ነበር?»

«ኧረ የትም አልሄደም። ለገና መቱ ዘመድ ጋ ደርሶ መጣ እንጂ።»

እህቱ ከኋላ ሆና «ከዚያ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ዓሳ ሊያጠምዱ ባሮ ወርደው ሁለት ሌሊት አድረዋል» አለች።

በቃ፣ ለእኔ ነገሩ ያኔ ተገለጠልኝ። ደሙን ላክን። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ነበር፣ ያውም የከፋ። አርቴሱኔት በደም ሥር ተሰጠው፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ቀናት ቆየ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ሲሻለው ምን አለኝ መሰላችሁ? «ዶክተር፣ ጉዞው እኮ አልቆ ነበር! የዓሳውን ፎቶ ፖስት አድርጌ ረስቼዋለሁ።»

ትኩሳቱ የጀመረው ከባሮ በተመለሰ በ12ኛው ቀን ነው። የዛሬው ጽሑፌ ዋና መልእክትም ይኼው ነው፦ የዓሳ ጉዞ የሚያልቀው ቤት ስትገቡ ሳይሆን ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። እቅዳችሁንም እንደዚያ አውጡ።

1. መቼና የት?

ኢሉባቦር ከአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ወንዞቹ ድንገት ይሞላሉ። እናንተ ያላችሁበት ቦታ ፀሐይ ሆኖ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ከዘነበ ውሃው ሳታስቡት ይደርስባችኋል። ስለዚህ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር ከፍታ ነው። ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጋምቤላ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ። ከጎሬ በቡሬ በኩል ስትወርዱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ ትገባላችሁ። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። መቱ ራሷም ከዚህ በታች ስለሆነች «እኔ ሶርን ነው እንጂ ባሮን አላየሁም» ብላችሁ አትዘናጉ። የአካባቢው ሰው ወባን «ቡሳ» ይለዋል፤ «እዚህ ቡሳ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ እውነቱን ይነግሯችኋል።

ነገሩን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት፦ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፣ 1,157 ሰው ሞቷል። ከሕመምተኞቹ ትልቁ ቁጥር የተመዘገበው ኦሮሚያ ውስጥ ነው።

2. ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት በፊት

👉 ሐኪም አማክሩ። ወባ ከሌለበት ከተማ ወደ ቆላ ለሚወርድ ሰው መከላከያ መድኃኒት አለ፤ ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን። ከመሄዳችሁ አንድና ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ፣ እዚያ ባላችሁበት ጊዜ በየቀኑ ተወስዶ፣ ከተመለሳችሁ በኋላም ለ4 ሳምንት ይቀጥላል። ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። ስለዚህ ከፋርማሲ ገዝታችሁ በራሳችሁ እንዳትጀምሩ።

👉 የቲታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) ክትባታችሁን አስታውሱ። መንጠቆ፣ የዓሳ እሾህና ጭቃ ባሉበት ያስፈልጋል። ከተከተባችሁ ከ10 ዓመት በላይ ከሆነ ይደገም።

👉 በመድኃኒት የተነከረ አጎበር፣ እጅጌ ሙሉ ሸሚዝ፣ ረጅም ሱሪ፣ ካልሲና የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ። የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ ማለትም እናንተ እሳት አንድዳችሁ ዓሳ እየጠበሳችሁ በምትጫወቱበት ሰዓት። አጎበር መኪና ውስጥ ተጠቅልሎ ቢያድር ምንም አይጠቅምም።

👉 ሳሙና፣ ንጹሕ ውሃ፣ ፋሻ፣ ኦአርኤስ፣ ረጅም ገመድ፣ ባትሪና ፓወር ባንክ አትርሱ። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም አስም ያለበት ሰው መድኃኒቱን ከሚቆይበት ቀን አስበልጦ ይያዝ።

👉 በመንገዳችሁ ላይ ያለውን ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ቀድማችሁ እወቁ። መቱ ላይ መቱ ካርል ሆስፒታል አለ። ኔትወርክ በማይኖርበት ቦታ ጎግል ማፕ አያድናችሁም፤ ስልክ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። ወዴት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ተናገሩ።

3. ወንዙ ዳር

ውሃው፦ ዋና ብትችሉም ወራጅ ውሃ ከመዋኛ ገንዳ ጋር አንድ አይደለም። ጀልባ ላይ የሚወጣ ሰው ላይፍ ጃኬት ይልበስ። አረቄና ቢራ ዓሳው ተጠምዶ፣ ሁሉም ከውሃው ርቆ ከተቀመጠ በኋላ ይሁን። ሰው ከሰመጠ ዘላችሁ አትግቡ፤ ገመድ ወይም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ወርውሩለት። ብዙ ጊዜ የምናጣው አንድ ሰው ሳይሆን የሰመጠውንና ሊያድን የገባውን፣ ሁለቱንም ነው።

አዞ፦ ባሮ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 ጋምቤላ ላይ ባሮ ውስጥ የገባ አንድ ወጣት አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ በአዞ ተበልቷል። የአካባቢው ሰው «እዚህ ጋ አትቁሙ» ካላችሁ አትከራከሩ።

ቢልሃርዚያ፦ ትሉ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። ቀስ ብሎ በሚሄድ ወይም በተኛ፣ ሣር በበዛበት ውሃ ዳር በባዶ እግር አትቁሙ፤ ቦት ጫማ አድርጉ።

ጥቁር ዝንብ፦ በፍጥነት የሚወርዱ ወንዞች ዳር ቀን ቀን የምትነክስ ትንሽ ዝንብ አለች። ኦንኮሰርኪያሲስ የሚባለውን፣ ቆዳን የሚያሳክክና ዓይንን የሚያጠፋ በሽታ የምታስተላልፈው እሷ ናት። በኢሉባቦር ገጠሮች ሜክቲዛን ሲታደል የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ለበሽታው ብዙ ጊዜ መነከስ ስለሚያስፈልግ የሁለት ቀን እንግዳ ብዙም አይሰጋ፤ ግን ልብሳችሁ እጅና እግር ይሸፍን።

መንጠቆ ሲወጋ፦ የመንጠቆ ጫፍ ወደ ኋላ የዞረ ጥርስ ስላለው ጎትታችሁ ስታወጡት ሥጋ ይቀዳል። ክሩን ቁረጡ፣ መንጠቆው እንዳይነቃነቅ በፋሻ ያዙትና ጤና ተቋም ሂዱ። ዓይን ላይ ከሆነ ፈጽሞ አትንኩት! ዓይኑን ሳይጫን በንጹሕ ኩባያ ሸፍናችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። የአምባዛ እሾህ ከወጋችሁም ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በንጹሕ ውሃ እጠቡ። በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ቀልቶ ካበጠና ሕመሙ ከባሰ አትጠብቁ።

4. ዓሳው ራሱ

ዓሳ በቆላ ሙቀት በፍጥነት ይበላሻል። ወዲያው ሆድ ዕቃውን አውጥታችሁ በበረዶ ያዙት። በረዶ ከሌላችሁ እዚያው አብስላችሁ ብሉት፤ ለዘመድ ስጦታ ብላችሁ ቀኑን ሙሉ በፌስታል ይዛችሁ አትዙሩ።

ከሰው የምትገዙ ከሆነ በምን እንደተጠመደ ጠይቁ። የብርብራ ፍሬ ፈጭተው ውሃ ውስጥ በመበተን ዓሳ የሚያደነዝዙ አሉ፤ ፀረ ተባይ ኬሚካል የሚጨምሩም አሉ። ይኼ ትልቁንም ጫጩቱንም ይፈጃል፤ በፀረ ተባይ የተገደለ ዓሳ ደግሞ እናንተንም ይመርዛል። በመረብና በመንጠቆ የተያዘውን ብቻ ግዙ።

ጥሬ ዓሳ በአዋዜ እንደሚጣፍጥ አውቃለሁ፤ ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዶ ያልቀመሰ ማን አለ? እንደ ሐኪም ግን የምላችሁ አብስሉት ነው። አዋዜም ሎሚም የትል እጭ አይገድሉም። ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ በቀላሉ ሲላቀቅ በስሏል ማለት ነው።

አጥንት ጉሮሮ ላይ ከተሰካ ደግሞ እባካችሁ «እንጀራ ጠቅልለህ ዋጥ» የሚለውን ምክር ተዉት። አጥንቱን የበለጠ ወደ ውስጥ ይሰካዋል፣ ጉሮሮም ሊበሳ ይችላል። በሳል ካልወጣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

5. ከተመለሳችሁ በኋላ (ዋናው ክፍል)

ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ አላርም ሙሉ፦ «ከባሮ የተመለስኩበት ቀን»። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣ፦

👉 በዚያው ቀን ደማችሁን ተመርመሩ። የወባ ፈጣን ምርመራ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ፋልሲፓረም ሳይታከም ከቀረ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ከፋ ደረጃ ሊደርስ ይችላል።

👉 ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም «እንዲህ ያለ ቦታ ነበርኩ፣ በዚህ ቀን ተመለስኩ» ብላችሁ ተናገሩ። አዲስ አበባ ላይ የተቀመጠ ባለሙያ ትኩሳት ሲያይ ወባ መጀመሪያ ላይመጣለት ይችላል። በአንድ የዊዳል ምርመራ ብቻ «ታይፎይድ ነው» ከተባላችሁ የወባ ምርመራ ይጨመርልኝ በሉ፤ መብታችሁ ነው።

👉 ውጤቱ ነጌቲቭ ሆኖ ትኩሳቱ ከቀጠለ በነጋታው ድገሙት።

👉 ኮአርተም ከታዘዘላችሁ ከምግብ ጋር ወስዳችሁ የሦስት ቀኑን ጨርሱ። «ተሻለኝ» ብላችሁ ግማሹን ለጓደኛ አታስቀምጡ።

👉 ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። በግንቦት ትኩሳት ቢመጣባችሁም የገናውን ጉዞ ለሐኪሙ ንገሩ።

👉 ውሃ ውስጥ ከቆማችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት የቆዳ ሽፍታ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ካለ የቢልሃርዚያ ምርመራ ጠይቁ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ በደንብ ይታከማል።

ያ ወጣት ዘንድሮም ለገና መቱ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት ደውሎ «ዶክተር፣ መከላከያውን መቼ ልጀምር?» ብሎ ጠየቀኝ። ዓሳ ማጥመዱን አልተወም፤ እኔም ተው አላልኩትም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፦ የመመለሻ ቀኑን ለእናቱም ለእህቱም ጽፎ ሰጥቷቸዋል።

ለገና ወደ ኢሉባቦር የሚወርድ ወዳጅ ካላችሁ ይህንን ሼር አድርጉለት፤ ሲመለስም «ትኩሳት የለህም?» ብላችሁ ጠይቁት።

መልካም ጉዞ፣ መንጠቆው ዓሳ ብቻ ይያዝላችሁ!