ግንቦት 28 ካለፈ በኋላ ማን ያጠጣል?



ከሁለት ዓመት በፊት ጥቂት ጓደኛሞች ሆነን በምዕራብ ጎንደር ቆላ በሚገኝ አንድ የትምህርት ቤት ግቢ ችግኝ ተክለን ነበር። ቀኑ የዓለም የአካባቢ ቀን ነው። ባነር ተሰቀለ፣ ቲሸርት ተለበሰ፣ ንግግር ተደረገ፣ ፎቶ ተነሣን። በዓመቱ ተመልሰን ስናይ በሕይወት ያገኘናቸው ሁለት የኒም ዛፎች ብቻ ናቸው። እነሱም የተረፉት ቧንቧው ሥር፣ ውኃ በሚንጠባጠብበት ቦታ ስለተተከሉ ነው። በቀሩት ጉድጓዶች ዙሪያ የችግኙ ጥቁር ላስቲክና የጠጣንበት የሃይላንድ ፕላስቲክ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ ጠበቀን። አካባቢን ልንጠብቅ ሄደን ቆሻሻ ትተን ተመልሰናል። ጥፋቱ የሌላ የማንም ሳይሆን የእኛው ነበር።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ከዚያ ስህተት በመነሣት ነው። በመጪው ዕረፍት ወደ መተማ፣ ገንዳ ውኃ፣ ኮኪት፣ ሽንፋና ቋራ የምትሄዱ ተማሪዎች አላችሁ። ብዙዎቻችሁም እንዲህ ዓይነት ዝግጅት እንድታስተባብሩ መጠየቃችሁ አይቀርም። ታዲያ አንድ ከተማ የአካባቢ ቀንን ሲያከብር ከምን ይጀምር? የእኛ መልስ አጭር ነው፤ ዕቅዱ ከበዓሉ ቀን ሳይሆን ከበዓሉ ማግሥት ይጀምር።

ቀኑ ከየት መጣ?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1972 እ.ኤ.አ. በስዊድን ስቶክሆልም ስለ ሰው ልጅና አካባቢ ትልቅ ጉባኤ አካሄደ። ጉባኤው የተከፈተበት ጁን 5 በዚያው ዓመት የዓለም የአካባቢ ቀን ተብሎ ተሰየመ። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 28 ማለት ነው። በየዓመቱ አንድ አገር አስተናጋጅ ይሆናል፣ አንድ መሪ ሐሳብም ይመረጣል። በ2024 እ.ኤ.አ. ሳዑዲ ዓረቢያ አስተናግዳ ርእሱ የመሬት ማገገም፣ በረሓማነትና ድርቅን መቋቋም ነበር። በ2025 ደግሞ በደቡብ ኮሪያ አስተናጋጅነት የፕላስቲክ ብክለትን ማስቆም ሆነ።

ቀኑ ለዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ ዝናብ ግን ለዓለም ሁሉ በአንድ ቀን አይዘንብም። ግንቦት 28 መተማ ላይ ከባዱ ሙቀት ገና ያልለቀቀበት፣ ክረምቱም በደንብ ያልያዘበት ጊዜ ነው። አንድ ሁለት ጊዜ ዘንቦ ለሳምንታት ሊጠፋ ይችላል። አፈሩ በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም የችግኙን ሥር ይበጥሳል። ሲርስ ደግሞ ያብጣል፣ ውኃም ይቋጥራል። በዚያ ቀን የተተከለ ችግኝ ወይ በጥማት ወይ በፀሐይ ይሞታል። ከክረምት የተረፈውም ቢሆን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለውን ረጅም በጋ ማለፍ አለበት።

ስለዚህ ግንቦት 28 በመተማ የመትከያ ቀን ባይሆን ይሻላል። ይህ ማለት ግን ቀኑ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ለሌላ ሥራ እጅግ የተመቸ ቀን ነው። ጎርፍ ከመምጣቱ በፊት የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይጠረግበታል፣ የችግኝ ጉድጓድ ይቆፈርበታል፣ እያንዳንዱ ችግኝ ባለቤት ይመደብለታል። መትከሉ ዝናቡ ሲጸና ሐምሌ ላይ ይሁን። የአገራችን የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብርም በ2011 ዓ.ም. ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ የተባለበትን ዘመቻ ያካሄደው ሐምሌ 22 ቀን ነበር።

ሁለት ካሌንደር ይዞ መቀመጥ

ከዝናብ ሌላ የሰውን ጊዜም ማየት ያስፈልጋል። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት 28 የዋለው የዐረፋ ቀን ነበር። ማግሥቱ ዒድ አል አድሓ ሆነ። በዚያ ቀን ፆመኛን በቀትር ፀሐይ ሰልፍ ውጣ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። የሂጅራው ዓመት በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም ግጥሚያው ይለዋወጣል። የዝግጅት ኮሚቴ ውስጥ አንድ ሙስሊም ተማሪ ቢኖር ይህን ቀድሞ ይናገራል። ግጥሚያው እንደ ዕድልም ሊታይ ይችላል። ከኡድሒያ በኋላ ቆዳ፣ ፈርስና አጥንት የት እንደሚደርስ በዒዱ ኹጥባ ቢነገርና ጉድጓዱ ቀድሞ ቢዘጋጅ፣ ያ ራሱ የአካባቢ ቀን ነው።

የቆላው የሥራ ወቅትም አለ። ሰሊጥ ለማረም በክረምቱ፣ ለማጨድ ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ብዙ የቀን ሠራተኛ ከደጋ ይወርዳል። ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ በሌለበት እርሻ ውስጥ የሚያድሩ፣ ዛፍ ሥር ያለ አጎበር የሚተኙ፣ ለወባና ለካላዛር የሚጋለጡ እነዚህ ወንድሞቻችን ናቸው። ትምህርቱ በጣም የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ግንቦት ላይ ከተማው ውስጥ የሉም። ስለዚህ ከትምህርቱ የተወሰነው ክፍል ለመስከረም ቢቀመጥ ይሻላል።

አንድ ችግር መምረጥ

በአንድ ቀን ስለ ደን፣ ስለ ፕላስቲክ፣ ስለ አየር ንብረትና ስለ ዱር እንስሳት ሁሉ ከተነገረ፣ ሰው ወደ ቤቱ የሚወስደው ነገር አይኖርም። ለከተማው አንድ፣ ለገጠሩ አንድ መምረጥ ይበቃል።

ለመተማ ዮሐንስ ከተማ ፌስታልን እንመርጣለን። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ በጋውን ሙሉ የተጠራቀመው ፌስታል ቦይ ይዘጋል፣ ቆሻሻ ውኃ ወደ ቤትና ወደ ጉድጓድ ውኃ ይገባል። ኮሌራንና ሌላውን የሆድ በሽታ የሚያስፋፋውም ይኸው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን ጦርነት ምክንያት ድንበሩን ተሻግረው የመጡ ስደተኞች ባሉበት አካባቢ ይህ ቀልድ አይደለም። የጓንግ ወንዝም ከእኛ ተነሥቶ አትባራ ተብሎ ዓባይን ይቀላቀላል፤ እኛ የጣልነው የጎረቤት ደጅ ይደርሳል። ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ የማይበሰብሱ ፌስታሎችን ለመከልከል ሞክሮ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ከልክሏል። ነገር ግን ነጋዴዋ ስኳሩን በምን ትጠቅልለው? ዝግጅቱ ይህን ካልመለሰ አዋጁን ማንበብ ብቻውን ምንም አይፈይድም። ለባነርና ለቲሸርት የሚወጣው ገንዘብ በገበያው ለሚሰፋ የጨርቅ ከረጢት ቢውል ልብስ ሰፊውም፣ ነጋዴዋም፣ ቦዩም ይጠቀማሉ።

ለገጠሩ የሰደድ እሳትን እንመርጣለን። መተማ በእጣን ዛፍ የታወቀ አገር ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ፣ መተማን ጨምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት አሁን ያለው ሁኔታ ከቀጠለ የእጣን ምርት በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ፣ የዛፉ ቁጥር ደግሞ በ50 ዓመት ውስጥ 90 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ምክንያቱ የሚገርም ነው። ዘሩ ይበቅላል፤ ነገር ግን እሳትና ከብት ስለማያሳድጉት ሽማግሌ ዛፎቹን የሚተካ ወጣት የለም። እዚያ የሚያስፈልገው ሌላ ችግኝ መትከል ሳይሆን በቅሎ ያለውን ማስጣል ነው። ይህም ማለት ሣሩ በሚደርቅበት በኅዳርና በታኅሣሥ የእሳት መከላከያ መንገድ መጥረግ፣ ጥቂት ቦታም ከከብት መከለል ነው።

ጠረጴዛው ዙሪያ ማን ይቀመጥ?

ማዘጋጃ ቤቱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ትምህርት ቤቶች ብዙ ጊዜ ይጠራሉ። የሚረሱት ሌሎች ናቸው። ውኃ የሚቀዱ እናቶች፣ የጉሙዝ አባቶች፣ የጋሪ ነጂዎች፣ ኢማሙና ቄሱ፣ የከብት ባለቤቶች። ድምፅ ማጉያውም በአማርኛ ብቻ እንዳይናገር። መተማ የድንበር ከተማ ናት፤ ጉሙዝኛና ዓረብኛ የሚሰሙ ነዋሪዎች አሏት። ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ሲጓዙ በዚያው የቀሩ የተክሩር ሙስሊሞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገበያዋ ዋና ነዋሪዎች ነበሩ። መድረሳ የቀራን ተማሪዎች በዓረብኛ ሁለት ደቂቃ መልእክት ማስተላለፍ አያቅተንም።

የዉዱኡ ውኃ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፤ ማን ያጠጣል? ሒሳቡን እንሥራው። 400 ችግኝ ተክለን ለእያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ጊዜ 10 ሊትር ብናጠጣ በሳምንት 8,000 ሊትር ያስፈልጋል። ይህ 400 ጀሪካን ነው፤ በበጋ መተማ ላይ ማንም አይሸከመውም። 30 ችግኝ ብንተክል ግን 600 ሊትር፣ ማለትም 30 ጀሪካን ይበቃናል።

ይህ 600 ሊትር መስጂዳችን ውስጥ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዉዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ ውኃ መሆኑ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሙድን 0.7 ሊትር ገደማ ብንወስደው፣ 150 ሰው ለዙህር ዉዱእ ሲያደርግ 105 ሊትር ይሆናል። የስድስት ቀን ዙህር ብቻ 630 ሊትር ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ሱናውን ጠብቀን ነው። ለዛፉ ብለን ቧንቧ እናፍስስ ማለታችን አይደለም፤ ያው የሚፈሰው ውኃ መንገድ ላይ ጭቃ ከሚሆን ወደ ሥር ይሂድ ማለታችን ነው። እነዚያ ሁለት ኒሞች የተረፉት በዚሁ መንገድ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከዉዱእ ቦታው የሚወጣው ውኃ መጀመሪያ ጠጠርና አሸዋ ባለበት ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ይለፍ። ከዚያ በየአንድ ሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ በሚል ቱቦ ወደ ችግኞቹ ይሂድ። ሦስት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሳሙናና የመጸዳጃ ውኃ አይቀላቀል። ውኃው ከመስጂዱ መሠረት ራቅ ብሎ ይፍሰስ፤ ዋልካ ውኃ ሲጠጣ አብጦ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ውኃው አይቁም፤ የቆመ ውኃ የወባ ትንኝ ያራባል፣ በማግሥቱ ኩሬ ካያችሁ መሥመሩ ይስተካከል። የሚተከለውም ቆላውን የሚችል ይሁን፤ ኒም፣ ወይም ቅጠሉን ለጀናዛ እጥበት የምናውቀው ቁርቁራ።

ዲናችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በውኃ መቅጃ፣ በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳት እርግማን እንደሚያመጣ ሐዲሥ ያስጠነቅቃል። ይህን መተማ ላይ የቆመ ሰው በደንብ ይረዳዋል፤ በዚያ ፀሐይ ጥላን ማበላሸት ሰውን ማባረር ነው። ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ ሆኖ ይጻፍለታል። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራም ትንሽ ቢሆን ዘወትር የሚሠራው እንደሆነ ተምረናል። ከአራት መቶ የሞተ ችግኝ ሠላሳ የቆመ ዛፍ የሚበልጠው ለዚህ ነው።

የዓመቱ ዕቅድ ባጭሩ

ግንቦት 28፦ ቦይ መጥረግ፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ ለየችግኙ ባለቤት መመደብ። ሐምሌ፦ መትከል፣ የችግኙን ላስቲክ ቆጥሮ መመለስ። መስከረም፦ ለቀን ሠራተኞች ትምህርት። ኅዳርና ታኅሣሥ፦ የእሳት መከላከያ። የካቲት፦ በሕይወት ያለውን መቁጠር። ከበጀቱ ግማሹ እስከዚህ ወር ድረስ ሳይነካ ይቆይ፤ ቱቦ የሚሰበረውም ጀሪካን የሚገዛውም ያኔ ነው። በቀጣዩ ግንቦት 28 መድረክ ላይ ሲወጣም የሚነገረው ስንት እንደተተከለ ሳይሆን ስንት እንደቆመ ይሁን። ቁጥሩ ሰባት ከሆነ ሰባት ይባል። የሞቱት ለምን እንደሞቱም አብሮ ይነገር።

በየመስጂዳችሁ ያሉትን ኢማም፣ ኡስታዝና የጀማዓ አባቶች ፈቃድ ጠይቃችሁ በአንድ መስጂድ ብቻ ጀምሩ። ስትመለሱ የቆመውንም የሞተውንም ቁጥር ይዛችሁ ኑ፤ በዚሁ መጽሔት እናወጣዋለን፣ ኢንሻአላህ። አላህ ሥራችንን ይቀበለን፣ የድንበሩን ሕዝብ ሰላም ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።