የአውቶሞቢል ጉልበትና ሸክሙ

አውቶሞቢልዎን ለማፍጠን ሲሉ የወር ደመወዝዎን ለጋራዥ ከማስረከብዎ በፊት ይህን ጥቂት ቃል ያንብቡ።

ሞተር በካርቡራቶር ይሠራ በነበረበት ዘመን ጎበዝ መካኒክ በካቻቢቴና በጆሮው ብቻ ፋብሪካው ያስቀረውን ጉልበት ለማውጣት ይችል ነበር። በዛሬው ሞተር ግን የቤንዚኑን ልክና ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ በየቅጽበቱ የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ዘመናዊ ሞተር ማርሚታው ቢለወጥለት የሚጨምረው ከጉልበቱ ይልቅ ጩኸቱን ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ኮምፒውተሩ እንደገና ሲስተካከል ብዙ ጉልበት ይጨምራል፤ ይኸውም ፋብሪካው ለሙቀት፥ ለደካማ ቤንዚንና ለፍሪሲዮን ዕድሜ ሲል ካስቀመጠው መጠባበቂያ የሚወሰድ ነው።

ክብደቱስ? እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ፎልክስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ በ110 የፈረስ ጉልበት 810 ኪሎ ያህል ይጎትት ነበር። በ2020 የወጣው ስምንተኛው ትውልድ 245 ፈረስ ቢኖረውም ክብደቱ ከ1,400 ኪሎ አልፏል። ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ ሲያድግ ለአንዱ ፈረስ የሚደርሰው ሸክም የቀነሰው ከ7 ኪሎ ተኩል ገደማ ወደ 6 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 100 ፈረስና 1,000 ኪሎ ላለው መኪና 10 ፈረስ መጨመርና 91 ኪሎ ያህል መቀነስ ለአፈጣጠኑ እኩል ናቸው። ነገር ግን ጉልበት ሲጨመር ፍሬንና ጎማ ይጨነቃሉ፤ ክብደት ሲቀነስ ያርፋሉ። ሸክሙ የቀለለለት በቅሎ አቀበቱን ቶሎ ይወጣል፤ ቁልቁለቱንም በደኅና ይወርዳል።

እንግዲህ ከመኪናዎ የማያስፈልገውን ዕቃ ያራግፉ፤ ቢቻልም ቀለል ያለ ቸርኬ ያስገቡ። የደኅንነት ቀበቶውንና የአየር ከረጢቱን ግን እንደ ሸክም ቆጥረው አይንኩ። ከሁሉ አስቀድሞ ፍሬኑን ያስመርምሩ፤ መኪና በሩጫው የሚያኮራው መቆም ሲችል ነውና።